ፓውዛው ከጎረቤት ሊያጣላን ነው

ጥያቄ፦ ባለፈው ክረምት ግቢያችን ሌባ ገብቶ ስለነበር ባለቤቴ የአጥሩ ጥግ ላይ ባለ 100 ዋት ነጭ ፓውዛ አስገጠመ። ሲበራ ያድራል። ከጀርባችን ያሉት እማማ «ብርሃኑ በመስኮቴ እየገባ እንቅልፍ ነሳኝ» ብለው ሁለት ጊዜ መጡ። እንዳናጠፋው ሌባው ያሳስበናል። ምን ዓይነት መብራት ብንገዛ ይሻላል?
ከአያት ሰፈር

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። የግቢው በር ላይ ቆመው ወደ ፓውዛው ይመልከቱ። ከዚያ መዳፍዎን አንስተው አምፖሉን ብቻ ይከልሉት። ቅድም ጨለማ የነበረው የአጥሩ ሥር ወለል ብሎ ይታይዎታል። ዓይን የሚወጋ መብራት ጥላውን ያጠቁረዋል፤ ሌባ የሚደበቀው ደግሞ እዚያ ጥላ ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ስንቱን ዘበኛ በዚህች ሙከራ አሳምኛለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው አገጣጠሙ ነው። ፓውዛ ቀና ብሎ ከተገጠመ ብርሃኑ ለእማማ መስኮትና ለሰማይ ነው የሚሄደው። መስታወቱ ቀጥ ብሎ መሬት እንዲያይ ያስደፉት። በእማማ በኩል ያለውን ጎን ደግሞ ብየዳ ቤት በላሜራ ያስከልሉት።

አዲስ ከገዙ ዋቱን ትተው ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚለውን ያንብቡ፤ የብርሃኑን መጠን የሚነግርዎት እሱ ነው። የድሮው 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ነበር፤ ዛሬ 10 ዋት ያህል ኤልኢዲ ያንኑ ይሰጣል፣ ለግቢ በርም ይበቃል። የእናንተው ፓውዛ የዚህን አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ቀጥሎ የብርሃኑን ቀለም የሚነግረውን ኬልቪን ይዩ፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ቢጫ ይላል፤ ከ3000 አይብለጥ፣ 2700 ከተገኘ እሰየው። ሻጩ «ዴይላይት ይሻላል፣ ይደምቃል» ቢልዎት እሺ አይበሉት። ያ 6500 የተጻፈበት ነጭ ብርሃን ሰማያዊ ይበዛበታል፤ ሰማያዊ ደግሞ አየር ላይ ይበልጥ ይበተናል። ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በክረምት አሸኑን ሁሉ የሚሰበስበውም በብዛት እሱ ነው።

ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚበራ ሴንሰር ያለው ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የበራ መብራትን ማንም ልብ አይለውም፤ ድንገት ቦግ ሲል ግን ዘበኛውም ጎረቤቱም ቀና ይላል። 100 ዋት ለ12 ሰዓት ሲበራ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 36። እሱም ይቀርልዎታል።

ይህን ሁሉ የምለው ለእማማ እንቅልፍ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው፤ ማታ ከብት በረት ስናስገባ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጣ ያለው የከዋክብት መንገድ፣ ሰማዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ይታየን ነበር። አዲስ አበባ የተወለደው የልጅ ልጄ መጀመሪያ ያየው ሰፈሩ ሁሉ መብራት የጠፋ ዕለት ነው፤ «አያቴ፣ ጭስ ነው?» አለኝ። አንጀቴን በላው። እንጦጦ አናት ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከሥራቸው ያለችው ከተማ የምትረጨው ብርሃን ለእነሱም ፈተና ነው። የእያንዳንዳችን ፓውዛ እዚያ ውስጥ አለበት።

ፓውዛው የሚደፋ ዕለት እርስዎ እማማ ክፍል ይቀመጡ። ባለቤትዎ መሰላሉ ላይ ሆኖ ስልክ ይደውልልዎት። አምፖሉ ከእማማ አልጋ ጭራሽ እስኪሰወር ድረስ «ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ዝቅ» ይበሉት።