የአንባቢ ጥያቄ፦ ፒያሳ ሄደው ለሚያጡን ደንበኞች ዌብሳይት እናሠራ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ አዘጋጆች። አባቴ ፒያሳ ሱፍ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፣ 2016 ላይ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እኛም ተነስተን አሁን ሜክሲኮ አንድ ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ነን። የድሮ ደንበኛ እየደወለ "ፒያሳ መጥቼ አጣኋችሁ" ይላል፣ ስልካችን የሌለው ደሞ በዛው ይቀራል። ዌብሳይት የሚሠራ ልጅ አግኝቼ፣ ሲከፈት መቀስ ጨርቅ እየቆረጠ የሚመጣ አኒሜሽን ከነሙዚቃው አሳየኝ፣ ዶሜኑንም (የዌብሳይቱን አድራሻ ስም) ሆስቲንጉንም (ዌብሳይቱ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ) እኔ እጨርሳለሁ አለኝ። አባቴ ግን ቴሌግራም እያለ ለምን ብር ታወጣለህ ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አባትህ ያሉት እውነት አለው፣ ቴሌግራሙን አትተዉት። ግን ቻናላችሁ ውስጥ ያለው ሰው ድሮም የሚያውቃችሁ ነው፣ ሊያገባ ያለ ልጅ ማታ ጎግል ላይ "የሰርግ ሱፍ አዲስ አበባ" ብሎ ሲፈልግ እናንተን በምን ያግኛችሁ? ስለዚህ ዌብሳይቱ ይሠራ።

ከሱ በፊት ግን ዛሬውኑ ጎግል ማፕ ላይ የፒያሳውን ቦታችሁን ፈልግ፣ ይሄ ነፃ ነው። ካለ አዲስ አትክፈት፣ ባለቤቱ መሆንህን አረጋግጠህ አድራሻውን ወደ ሜክሲኮ ቀይረው፣ ሰው የጻፈላችሁ አስተያየትና ኮከብ አብሯችሁ ይመጣል። አዲስ ከከፈትክ ከዜሮ ትጀምራለህ፣ አሮጌውም ሰውን ወደ ፈረሰው ቦታ መላኩን ይቀጥላል።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ "ዶሜኑን እኔ እጨርሳለሁ" ያለህ ነገር ነው። ልጁ ክፉ አስቦ ነው ማለቴ አይደለም፣ ዶት ኮም የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ካርድ ያለው ሰው ለደንበኛው ይገዛለታል፣ እዚህ ሀገር የተለመደ ነው። ግን ሲገዛ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ካስመዘገበው፣ ዶሜን ደሞ በየጊዜው ነው የሚታደሰው፣ ማሳሰቢያው የሚሄደው ለሱ ነው፣ ነገ ልጁ ውጭ ሀገር ቢሄድ ወይ ስልክ ቢቀይር ጊዜው ያልፍበትና ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል፣ ያን ጊዜ ቢዝነስ ካርዱ ላይ የታተመው፣ ኮቱ ውስጥ በምትሰፉት ምልክት ላይ ያለው አድራሻ ሁሉ የሰው ይሆናል። እሱ ይክፈል ችግር የለውም፣ ምዝገባው ግን በአባትህ ስም በናንተ ኢሜይል ይሁን፣ ፓስወርዱ እጃችሁ ሳይገባ የመጨረሻውን ክፍያ እንዳትሰጠው። በዶት ኢቲ የሚያልቅ ከፈለጋችሁ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ እነሱን ጠይቁ።

ገጹ ላይ የናንተው ስፌት ፎቶ ይግባ፣ ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ሞዴል አይደለም እባክህ፣ የኮሌታውና የቁልፍ ቤቱ አሠራር ቀረብ ተብሎ የተነሳ። ሙሉ ሱፍ ከስንት ብር እንደሚጀምርና ስንት ቀን እንደሚፈጅ በግልጽ ይጻፍ፣ ዋጋ "በኢንቦክስ" ሲባል ሰው ይሰለቻል። አድራሻውንም በስልክ እንደምትነግረው አድርገህ ጻፈው፣ ከምን ፊት ለፊት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ሊፍት አለ የለም። ይሄ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ፖስተር ተሠርቶ እንደ ፎቶ ከተለጠፈ ጎግል በደንብ አያገኘውም። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ በቀጥታ የሚደውል ይሁን።

መቀሱና ሙዚቃው ይቅሩ፣ የሚከፍተው ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ በሞባይል ዳታ ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻውን 4 እና 5 ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል ልጁ እያንዳንዱን ከ200 ኪሎባይት በታች ያሳንስላችሁ። ሲጨርስ ዋይፋይ አጥፍተህ በአባትህ ስልክ ክፈተው፣ እሳቸው ዋጋውንና ቁጥሩን ቶሎ ካላገኙት ይስተካከል።

ኦንላይን ክፍያ ለጊዜው አያስፈልጋችሁም፣ ልኩ እንዲወሰድ ሰውዬው መምጣቱ አይቀርም፣ ቀብዱን በቴሌብር ይልክላችኋል።