የተከታታይ ልቦለድ ክፍል ሁለትን ለጀመራችሁ

ልጆቼ፣

ነሐሴ ላይ ነው። የልጄ ልጅ አንድ መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «አባባ፣ ዋሽተውኛል» አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል በሦስት ቀን ጨርሳ፣ ሁለተኛውን አሁኑኑ ካልሰጡኝ ብላ መግቢያ መውጫ ያሳጣችኝ እሷው ነበረች። አሁን ግን ተኮሳትራለች፤ የመጀመሪያው ክፍል ጀግና ጌድ ጠፍቶባት ነው። «ጌድ የታለ? 40 ገጽ አነበብኩ እኮ! ስለ ሌላ ልጅ ነው የሚያወራው።»

ሳቄ መጣ። እኔም ወጣት ሳለሁ እዚያው መጽሐፍ ላይ፣ እዚያው ገጽ አካባቢ በግኜ ነበር። ክፍል ሁለት ጀምራችሁ ፊታችሁን ላጠቆራችሁ ሁሉ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

ሥራዬ ውሃ መለካት ነበር። ለ31 ዓመት ጣናን ስለካ ኖሬያለሁ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ውሃው ውስጥ የቆመውን ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ እያዩ መመዝገብ ነው። አሰልቺ ይመስላል። ነውም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አብሮን የሠራ አንድ የውጭ ባለሙያ ጓዙን ሲጠቀልል ሁለት ቀጫጭን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ትቶልኝ ሄደ። አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለ ጉዊን ለወጣቶች ብላ የጻፈችው የኧርዝሲ ታሪክ ነበር፤ ክፍል አንድና ክፍል ሁለት። ኧርዝሲ ምድሩ ሁሉ ደሴት የሆነ ዓለም ነው። ሰው ከደሴት ደሴት በጀልባ ይሄዳል፣ አስማተኛው ነፋሱን ይጠራል። ደቅን፣ ክብራንን፣ ዘጌን እያየ ላደገ ልጅ ይህ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ አስቡት።

የመጀመሪያውን ያነበብኩት ቁንዝላ እያደረች ጎርጎራ የምትገባዋ ጀልባ ላይ ነው። ጌድ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አስማት ይማርና በትዕቢቱ ክፉ ጥላ ይለቅቃል። ከዚያ ጥላው እሱን ያሳድደዋል። ጀልባዋ ስትንገጫገጭ እኔ ጌድን የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ስከፍት ግን ጌድ የለም። ጀልባ የለም። ባሕሩም የለም። በረሃ መሀል ያለ የመቃብር ቦታ ነው። ቴናር የምትባል ሕፃን ከእናቷ ጉያ ተወስዳ የጨለማ አማልክት አገልጋይ ትሆናለች። ስሟን ሳይቀር ይነጥቋትና «የተበላችው» ይሏታል። ከመሬት በታች ግራ የሚያጋባ የዋሻ መንገድ አለ። ወደዚያ የሚያስገባው ዋሻ ውስጥ መብራት ማብራት ክልክል ነው። እሷ መንገዱን የምታውቀው በእጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ መታጠፊያውን እየቆጠረች ነው። ሦስተኛው በግራ፣ ሁለተኛው በቀኝ። አራት ምዕራፍ እንዲህ ነው።

ወረወርኩት። እውነቴን ነው፤ አልጋው ሥር ገባ። ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው አቧራ ጠጣ።

መልሼ ያነሳሁት ሌላ የሚነበብ ስለሌለ እንጂ ብልህ ሆኜ አልነበረም። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ልጅቷ ወደ ዋሻው ትወርዳለች። ብርሃን ታያለች። እስከዚያ ቀን በጣቷ ብቻ የምታውቀውን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ ታየዋለች፤ ግድግዳው እንደ አልማዝ ያበራል። መሀሉ ላይ አንድ ሰው በትሩን ይዞ ቆሟል። ለእሷ ሌባ ነው። ርኩስ ነው፣ መሞት አለበት። እኛ ግን እናውቀዋለን! መጽሐፉን ይዤ ብድግ አልኩ። «ተይው፣ ጌድ ነው!» ልላት ምንም አልቀረኝም።

ይህንን ክፍል አንድ ሊሰጣችሁ አይችልም። ክፍል አንድ ላይ እናንተም ጀግናውም እኩል እንግዳ ናችሁ። ክፍል ሁለት ላይ ግን ባለ ምስጢር ሆናችሁ ነው የምትገቡት። የምታውቁትን ሰው በማታውቀው ልጅ ዓይን ታያላችሁ፤ ጠባሳው ከየት እንደመጣ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እሷ አታውቅም። አራቱ ምዕራፍ ጨለማም ለዚያች ጭላንጭል የተከፈለ ዋጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም። ልጅቷ ግን በሩን ትቆልፍበታለች፤ ይህችን ታህል ልበል።

እኔ ነገሩን በሥራዬ ነው የማስበው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ተቀዶ ይውላል። ሰው ጣና ያኔ ጢም ብሎ የሞላ ይመስለዋል። አልሞላም። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚያመጡት ውሃ ከሐይቁ ከሚወጣው እስከበለጠ ድረስ ሐይቁ ቀስ እያለ መውጣቱን ይቀጥላል። ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም አካባቢ ነው። ክፍል አንድ ዝናብ ነው፤ ይጮኻል፣ ያጥለቀልቃል። ክፍል ሁለት ሐይቁ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሞላል። እንደ ዝናብ ዝነብ ካላችሁት ትጣላላችሁ።

አያቴም ይህን ታውቅ ነበር። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እንላለን። አንዳንድ ማታ ግን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሳትል ታቆማለች። ጅቡ ደጅ ቆሞ፣ ልጅቷ ቆጥ ላይ ሆና፣ ተኙ ትለናለች። በነጋታው ማታ ጅቡን ትታ ስለ ልጅቷ ወንድም ትጀምራለች። እንጮህባታለን። እሷ ጥጧን መፍተል ነው።

እስቲ ከልምዴ ጥቂት ልበላችሁ። ሁለተኛውን ከመክፈታችሁ በፊት የመጀመሪያውን መጨረሻ ምዕራፍ ድገሙት። ስልክ ላይ የሚገኘው አጭር ማጠቃለያ ማን ምን እንዳደረገ ይነግራችኋል፤ ስታነቡ ምን ተሰምቷችሁ እንደነበር ግን አይነግራችሁም። ስሞቹን ደብተር ላይ ጻፉ። የፋንታሲ፣ ማለትም የምናብ ዓለም ታሪክ፣ ደራሲዎች ስም ሲያወጡ ለአንባቢ አይራሩም። የመጨረሻውን ገጽ ቀድማችሁ አትዩ። እኔ አንዴ አይቼ ወር ሙሉ ራሴን ረግሜያለሁ።

ደግሞ መጥፎ ክፍል ሁለት የለም አልልም። ሞልቷል። የሞተው ክፉ ሰው ስሙን ቀይሮ ሲመጣ፣ ጀግናው ባለፈው የተማረውን ሁሉ ረስቶ እንደገና ሲማር፣ መጽሐፉ ለሦስተኛው ድልድይ ብቻ ሲሆን፣ ደራሲው የተዋዋለውን ለማስረከብ እንደጻፈው ይታወቃል። ግማሹ ድረስ ታገሡት። ከዚያ ወዲያ ካልጣማችሁ አስቀምጡት። መጽሐፍ አቋርጦ የታሰረ ሰው የለም።

(የልጅቷ እናት፣ ልጄ ማለት ነው፣ «አስማት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ታማትባለች። ጌድ የተቀጣው አስማቱን ለጉራ ስለተጠቀመበት ነው ብዬ አስረዳኋት። «እንዲያ ከሆነ ታንብበው» አለች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።)

መጠበቅንም ልመዱ። የኧርዝሲ ሦስተኛው ክፍል በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ አራተኛው በ1990። መሀሉ 18 ዓመት ነው። በ12 ዓመቱ የጀመረ ልጅ በ30 ዓመቱ ማለት ነው። እኔ ራሴ ሦስተኛውን እጄ ያስገባሁት ከ20 ዓመት በላይ ቆይቼ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እስከዚያ ምን አደረግሁ? በጭንቅላቴ የራሴን ሦስተኛ ክፍል ጻፍኩ። ጌድን ጣና ላይ በታንኳ አመጣሁት። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድበት ነፋስ መጥራት አቃተው። ከደራሲዋ ጋር አላወዳድረውም፤ ግን የማታ ልኬት ስጠብቅ ብዙ ሰዓት አሳልፎልኛል።

እናንተ ደግሞ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ለወጣት የሚሆን እንዲህ ያለ ተከታታይ በአማርኛ እንደ ልብ አይገኝም። ከባሕር ዳር ወዲያ ማዶ፣ ዘጌ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደበት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ»ን በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው እሱ ነው። ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ መንገድ የወጣችው እዚያ ውስጥ ነው። ጀግና ልጃገረድ፣ የተደበቀ ማንነት፣ ረጅም ጉዞ፤ ዛሬ የምትሻሙባቸው መጻሕፍት ከዚህ ምን ይለያሉ?

የልጄ ልጅን ግን ምክሬ አይደለም የመለሳት። «አምስተኛው ምዕራፍ ድረስ አንብቢና ከዚያ ወርውሪው፤ እኔም ወርውሬዋለሁ» አልኳት። መወርወሬን ስትሰማ ደስ አላት።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር አገኘኋት። ውሃው የዋርካውን ሥር ነክቷል። ጣቷን መጽሐፉ መሀል ከትታ፣ ከድናው፣ ዝም ብላ ማዶ ማዶ ታያለች።

«ጨረስሽ?» አልኳት።

«አምስት ገጽ ቀርቶኛል።»

«ታዲያ?»

«እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁለት ቡና አዘዝኩ።