ኩሽኔታ ከተቀየረ በኋላ የመጣ የኤቢኤስ ኮድ

ሴንሰር እንዳትገዛ፤ መጀመሪያ ሽቦውን እይ። የድሮ ኮሮላህን የቀኝ ፊት ኩሽኔታ ደሴ አስቀይረህ በማግስቱ ቢጫው የኤቢኤስ (ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት በራ፣ የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነርም ሲ0200 አለ ብለሃል። ይህ ኮድ በቶዮታ የቀኝ ፊት ጎማ ፍጥነት ሴንሰርን ነው የሚጠቁመው። ግን «ምልክቱ በትክክል አልደረሰኝም» ማለቱ ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል ማለቱ አይደለም።

1. የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ፣ በክሪክ አንሳና ጎማውን ፍታ። ሽቦውን ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ በእጅህ ዳብስ። ማያዣው ተመልሶ ካልታሰረ መሪ ባዞርክ ቁጥር ጎማው ይፈትገዋል።

2. ሴንሰሩን አውጣና ጫፉን እይ። ማግኔት ስላለው ኩሽኔታው ሲመታ የረገፈው የብረት ብናኝ እንደ ፂም ቆሞ ይለጠፍበታል። በጨርቅ ጥረገው። ከፊቱ ያለውንም ባለ ጥርስ ቀለበት ቀስ እያልክ አዙር። መዶሻ ያረፈበት አንድ ጥርስ ብቻ ይበቃል ኮዱን ለመመለስ።

3. የሁለቱንም የፊት ጎማ ሴንሰሮች ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) በቴስተር ለካ። ግራው ቁጥር እያሳየ ቀኙ ጭራሽ ካላነበበ፣ ያኔ ግዛ።

እኔ ይህን ሳላይ አዲስ ሴንሰር ገዝቼ ነበር፤ ችግሩ ግማሽ የገባ ሶኬት ነበር።

አንድ ነገር አደራ። ቢጫው ብቻ ሲበራ ፍሬኑ ይይዛል፣ ግን በድንገት ስትረግጥ ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። በዝናብ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በከባድ ማርሽ፣ ርቀት ጠብቀህ ውረድ። የእጅ ፍሬን ሳትይዝ ቀዩ መብራት አብሮ ከበራ ግን ቁልቁለቱን እንዳትጀምረው፤ የፍሬን ዘይቱን እይና መካኒኩን ያለህበት ድረስ ጥራው።