ስለ ዳክዬዎቹ ገመድ፦ ከሁሉ በፊት ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ጣለው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አሁን ገና አየሁት። የዱር ዳክዬ አቅርበህ ፎቶ ልታነሣ አሥራ ሁለት የእንጨት ዳክዬ ቀርጸህ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ገመድና ድንጋይ አስረህ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ብታሰማራቸው ንፋሱ አንድ ላይ ጠቅልሎ መለሰልህ። አሁን ሁሉንም በአንድ ረጅም ገመድ ላይ መደርደር ትፈልጋለህ። ከላይ «ምን አደከመህ፣ ትልቅ ሌንስ ግዛ» ብለው የመለሱልህን አትስማቸው። የዱር ዳክዬ ስምንት ሜትር ድረስ ቀርቦ ሲያርፍ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እኔ አይቻለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥር ወር አንድ ጭራው የሾለ ወንድ ዳክዬ ከደላሎቼ መካከል አረፈልኝ (የእንጨቶቹን ዳክዬዎች ደላላ ነው የምላቸው፤ ሥራቸው ያው ነው)። አንገቱ ላይ ተንከባልላ የቆመች የውሃ ጠብታ ሳትቀር ፎቶው ላይ አለች።

ቅርጻቅርጹን ስለምታውቀው አላነሳውም። የኮርች እንጨት መጠቀምህም ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። ወደ ገመዱ ልግባ።

1. ገመዱ የሚሰጥም መሆን አለበት። ይህን አንብበህ ሌላውን ብትተወው አልቀየምህም። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገብተህ «ናይለን ገመድ» ብትል የሚሰጡህ ሰማያዊውን፣ ርካሹን፣ እጅ የሚቧጭረውን ነው። ናይለን አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከውሃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል። እውነተኛው ናይለን ከውሃ ይከብዳል፣ እጅ ላይ ለስለስ ይላል፣ ሲጎትቱት በትንሹ ይለጠጣል። ነጋዴዎቻችን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠሯቸዋል። ሊያታልሉህ አይደለም፤ ለእነሱ ገመድ ገመድ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቁራጩን ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ጣለው፤ ከሰጠመ ያዘው፣ ከተንሳፈፈ ተወው። እኔም ሰማያዊውን ስልሳ ሜትር ገዝቼ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ነበር።

2. በሁለቱም ጫፍ ክብደት እሰር። ድንጋይ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፣ ከገመዱም ያመልጣል። ትልቁን የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶና በአሸዋ ሙላውና ሳይደርቅ የታጠፈ ብረት ትከልበት፤ ከአራት ኪሎ በላይ ይመዝናል። በየዳክዬው ሥር ሌላ ክብደት አያስፈልግም፤ የረጅም ገመድ ጥቅሙ ይኸው ነው። በዋናው ገመድ ላይ በየሦስት ሜትሩ የማይጠብብ ቀለበት ቋጥር። ለእያንዳንዱ ዳክዬ ከውሃው ጥልቀት በግማሽ የሚበልጥ ቀጭን ገመድ ስጠውና በቁልፍ ማንጠልጠያ መንጠቆ ከቀለበቱ ጋር አገናኘው። ውሃው አንድ ሜትር ከሆነ ቀጭኑ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን፤ ያን ጊዜ ዋናው ገመድ ጭቃው ላይ ይተኛል፣ ማንም አያየውም፣ ማንንም አይነካም። በየጫፉ ከክብደቱ እስከ መጀመሪያው ዳክዬ ስድስት ስድስት ሜትር ባዶ ተው። ለአሥራ ሁለት ዳክዬ አርባ አምስት ሜትር ይበቃል። ማሰሪያው ከደረቱ ሥር ወደ ፊት ይሁን፤ እውነተኛ ዳክዬ ሲያርፍም ሲንሳፈፍም ፊቱን ወደ ንፋሱ ነው የሚያዞረው። ከመሃል ካሰርከው በጎኑ ይቆምና የዱር ዳክዬዎቹ ከሩቅ ይጠረጥራሉ።

3. ንፋስ። ዋጋ የከፈልኩት እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር። ሰማያዊው ገመዴ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ሲታይ የልብስ ማስጫ ይመስላል፤ ዳክዬዎቹም እንደ ሰልፈኛ ተደርድረዋል። ቀይ ጉብ ያለባቸው ግንባረ ነጭ ጥቁር ወፎች እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም። አራት ሰዓት ገደማ ንፋሱ ተነሣና ገመዱን እንደ ቀስት ለጠጠው። አንደኛው ድንጋይ ተጎተተ። ገመዱ እየተንሳፈፈ ሄዶ ካሮትና ጫት የሚያጠጣ የሞተር ፓምፕ ቱቦ ላይ ተጠመጠመ። ፓምፑን የሚጠብቀው ልጅ ሊያላቅቀው ቱቦውን ሲጎትት የመምጠጫው ጫፍ ከውሃ ወጣ፤ ሞተሩ አየር እየሳበ በባዶው ዞረ። ስደርስ ፓምፑ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ውሃ የሚከላከለው ጎማ ነበር የሄደው።

ባለቤቱ ሐጂ ናቸው። አልጮኹም፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ውሃ ልትለካ ነው የመጣኸው?» ብለው ነው። ይህን ያዝ። ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ፣ የሐረር ከተማ ቧንቧ ከዚያ ይቀዳ የነበረው ሲቆም፣ ጣት የተቀሰረው ፓምፕ ላይ ነበር። ውሃው ተመልሶ መጥቷል፤ ጥርጣሬው ግን አልሄደም። ገመድ ይዞ ዳር ዳር የሚል ሰው ለእነሱ ፓምፕ ሊያስነሣ የመጣ የቢሮ ሰው ነው። ሁለት ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ሆጃ ተፈልቶ ጠጣንና 3,500 ብር ከፈልኩ። ሦስቱን ዳክዬ ሐጂ ለልጆቻቸው አስቀሩ። ይገባቸዋል።

ከቢሮው ግን ይህ አልከፋም። ፓምፑ ከመቃጠሉ ሁለት ሳምንት በፊት እንደ ጨዋ ሰው የፈቃድ ደብዳቤ ልጠይቅ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራውም። ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ዳክዬ ከሆነ እኛን አይመለከትም፣ ፎቶ ከሆነ ሌላ ቢሮ ሂድ» አለኝ። ሌላው ቢሮ «የእንጨት ዳክዬ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሣቀና መልሶ ወደ መጀመሪያው ሰደደኝ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ዳክዬ ይዤ ሄድኩ። የበር ጥበቃው በሁለት እጁ ይዞ ገለበጠው፣ አንኳኳው፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን ሊያውቅ ይመስለኛል፤ ከዚያ ውጭ እንዳስቀምጠው ነገረኝ። ደብዳቤው አልተጻፈም። በኋላ በግማሽ ሰዓት የፈቱልኝ የቀበሌው ሊቀመንበርና ሐጂ ራሳቸው ናቸው። አንተም ከእነሱ ጀምር፤ መታወቂያህን አሳይ፣ ዳክዬዎቹን መሬት ላይ ዘርግተህ አሳይ። ሬንጀር የሚመስል ቡራቡሬ ልብስም እንዳትለብስ፤ አደን የሚያስተምሩ የውጭ ሰዎች ሁሉ ይለብሱታል፣ እዚህ ግን ከዳክዬው በፊት ሚሊሻው ነው የሚመጣልህ። እኔ የምደበቀው ከባለ ጫት የገዛሁት ጆንያ ሥር ነው።

ቁጥሩ የት እንደቀረ ጠፋኝ። አዘረጋጉን ልንገርህ፦ ጀልባ ተከራይና ንፋሱ ከሚመጣበት በኩል የመጀመሪያውን ጣሳ ጣል። ከዚያ ንፋሱ ራሱ ወደ ኋላ ይውሰድህ፤ አንተ እየለቀቅክ ዳክዬዎቹን በየቀለበቱ ታያይዛለህ። መጨረሻ ላይ ገመዱን ወጠር አድርገህ ሁለተኛውን ጣሳ ጣል። ስትሰበስብ ከሁለተኛው ጀምር፤ ንፋሱ ወደ ኋላ ስለሚይዝህ ገመዱ አይላላም፣ ጀልባው ሥር አይገባም። እያላቀቅክ ዋናውን ገመድ ባልዲ ውስጥ ዝም ብለህ አውርደው። ክንድህ ላይ ከጠመጠምከው በሚቀጥለው ጊዜ ስትፈታ ትውላለህ።

ሰልፈኛ እንዳይመስሉ የቀጫጭኖቹን ገመዶች ርዝመት አበላልጠው፤ ከቻልክ ገመዱን ሁለት አድርገህ መካከሉ ላይ አሥር ሜትር ያህል ክፍት ውሃ ተው። የሚያርፉት እዚያ ነው፤ ከንፋሱ ፊት ለፊት ይመጣሉና ንፋሱም ፀሐዩም ከጀርባህ ይሁኑ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስላሉ አሁን ጊዜው ነው።

ቅዳሜ ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ከመጣህ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጠዋት ሐይቁ ዳር ታገኘኛለህ። የገዛኸውን ገመድ ይዘህ ና፤ ባልዲው እኔ ጋ አለ። የሐጂን ፓምፕም አሳይሃለሁ፤ ከእሱ ሁለት መቶ ሜትር ርቀን ነው የምንዘረጋው።