ሥራ ልልቀቅና ልጻፍ ላልከኝ

ከሐዋሳ የላክልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነህ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጫትህን ይዘህ ልቦለድህ ላይ ትቀመጥና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነሳለህ። ጠዋት ቢሮ እጅህ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ወር ፔይሮል አሳስተህ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብሃል። «ጭንቀቱ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ፣ ሥራውን ልልቀቅ?» ነው ጥያቄህ።

አትልቀቅ። ያደከመህ ሌሊቱ እንጂ ሥራው አይደለም።

«ካልመረቀንኩ አይጻፍልኝም» ያልካት ነገር ግን አበሳጨችኝ። ስንት ጎበዝ ልጅ በልታለች! ራስህ እንደነገርከኝ በሌሊት አሥር ገጽ ትጽፍና በማግስቱ ስምንቱን ቀድደህ ትጥላለህ። የቀሩትን ሁለት ገጾች እኮ ተኝተህ ብታድር በሁለት ጠዋት ትጽፋቸዋለህ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍህንም የምግብ ፍላጎትህንም ይዘጋዋል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርቱ ይከተላል። አንተ «የደራሲ ጭንቀት» የምትለው ግማሹ እሱ ነው። ስታቆም ለተወሰኑ ቀናት ዱካክ፣ ያ የሌሊት ቅዠት፣ ያስቸግርህ ይሆናል፤ ያልፋል። የልብ ምትህ መፍጠኑ ካልተወህ ግን ሐኪም ይይህ።

እኔ ለሬዲዮ ድራማ የጻፍኩት አስተማሪ ሆኜ ነው፤ ጠዋት ከሰልፍ በፊት። ስለዚህ ማታ አራት ሰዓት ተኛ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተነሳ። ቡናም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይቅርብህ። በቀን 300 ቃል ብቻ ጻፍ፣ በሳምንት አምስት ቀን። በ40 ሳምንት 60,000 ቃል ይሆናል፤ ደህና ልቦለድ ነው። ሐሳቡ ገና እያለህ አቁም፤ ለነገ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ጀምረህ ተወው። ደስ ባለህ ቀን እንኳ 1,000 አትጻፍ፤ በማግስቱ ትለግማለህ። እሑድ ጭራሽ አትጻፍ። ፍቅር ሐይቅ ወክ አድርግ፣ አሞራ ገደል ወርደህ ዓሣ ብላ። የሰው ወሬ ስማ፤ ገጸ ባሕርያትህ ሁሉ እንዳንተ የሚያወሩት ከቢሮና ከቤት ስለማትወጣ ይመስለኛል።

ሥራ ስለ መልቀቁ፦ ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትም ሚኒስትርም ነበሩ፤ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር። አንተም መጽሐፉ ሲያልቅ ማተሚያ ቤት ከራስህ ኪስ እንድትከፍል መጠየቁ አይቀርም። ያኔ ያለ ደሞዝ ምን ልትሆን ነው?

አባትህ «ጽሑፍ እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው ለጊዜው እውነት ነው። ግን የእህትህን የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤት ኪራዩንና የዘመድ መዋጮውን ሁሉ አንተ ላይ መጫናቸው ልክ አይደለም። በወር ይህን ያህል ነው የምችለው በላቸው፤ ቢያኮርፉም ከዚያ ንቅንቅ አትበል።

ልማር ያልከውን ማስተርስ ለዘንድሮ እርሳው።

ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ አለቃህ ጋ ግባ። የተበላሸውን ፔይሮል ራስህ አስተካክለህ አስረክብ።