ኮድ ሳይነኩ ኮምፒውተር ሳይንስ መግባት

እህቴ፣ «ፍሬሽማን ጨረስኩ፣ ኮድ ጽፌ አላውቅም፣ ላፕቶፕም የለኝም፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?» ላልሽው፣ ሙዪው።

እኔ ስገባ ከወርድና ከፌስቡክ ሌላ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የወሰድነው ሲፕላስፕላስ (C++) የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከዜሮ ይጀምራል፣ ግን ይሮጣል። ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) በቅጡ ሳይገባሽ ሉፕ (አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ ማሠራት) ይመጣል። አንድ ቀን ላብ ውስጥ አንዲት ሴሚኮለን (ትእዛዝ ሲያልቅ የምትገባዋን ; ምልክት) ረስቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉመው ፕሮግራም) የሚጠቁመኝ ቀጥሎ ያለውን መስመር ነዋ! ስህተቱ ያለው ከላይ። በንዴት ዲፓርትመንት ልቀይር ምንም አልቀረኝም ነበር። አሁን እንዲህ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ አንድ መስመር ወደ ላይ አያለሁ።

ፈተናችን ደግሞ በወረቀት ነበር። ስለዚህ ደብተር ላይ ተለማመጂ። x ከ3 ተነስቶ ሉፑ በዞረ ቁጥር እጥፍ ከሆነ፣ 3፣ 6፣ 12 እያልሽ በእስክሪብቶ ተከተዪው። ለዚህ ላፕቶፕ አያስፈልግም።

ከኮዱ ይልቅ ዲስክሪት ማትስ (ሎጂክ የሚበዛበት የሒሳብ ኮርስ) ነው ብዙዎቻችንን ያንገዳገደን። ሎጂክ ካልጠላሽ አትፍሪ።

እስከ ምዝገባ በስልክሽ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጀምሪ። በ2016 የተጀመረው የመንግሥት የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠናም በነፃ ነው። ከዛ የእናትሽን ዕቁብ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፊ። አንዴ የወጣለት ሰው ስሙ እንዳይደገም ማድረጉ ላይ ትንሽ ትታገያለሽ። ካቃተሽ የጻፍሽውን እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።