ሰው የሚጠላ ሰው ሲያፈቅር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፊልም ገጽ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰሞኑን ከታላቅ እህቴ ጋር «አዝ ጉድ አዝ ኢት ጌትስ» የተባለውን ፊልም አየን። እኔ ከት ብዬ ስስቅ ቆይቼ መጨረሻው ላይ እንባዬ መጣ። እህቴ ግን በጣም ተናደደች። «ሰውዬው ያገኘውን ሁሉ ይሰድባል፤ የጎረቤቱን ውሻ ቆሻሻ ማውረጃ ውስጥ ይወረውራል፤ በመጨረሻ ጥሩ ሴት ይሸለማል። ስንቷ ሴት ናት ‹በፍቅር ይለወጣል› እያለች ከባለጌ ጋር የምትኖረው!» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ፊልሙን መውደዴ ስህተት ነው?

መልስ፦ ስህተት አይደለም። የእህትሽ ቁጣም ግን ተራ ቁጣ አይደለም። እኔ ይህን ዓይነት ፊልም፣ ማለትም ሳቁ መራራ የሆነውን የፍቅር ኮሜዲ፣ ከልቤ እወዳለሁ። ስለዚህ ክሱን ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም።

ላላዩት በአጭሩ ልንገር። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ዳይሬክተሩ ጄምስ ኤል. ብሩክስ ነው። ጃክ ኒኮልሰን ሜልቪን ዩዳልን ሆኖ ይጫወታል። ሜልቪን የኒው ዮርክ ደራሲ ነው። የሚጽፈው የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ ሰው ግን አይወድም። አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም አለበት፤ በሩን ደጋግሞ ይቆልፋል። የእግረኛ መንገድ ላይ ስንጥቅ ላለመርገጥ ይዘላል። ምግብ ቤት ሲሄድ የፕላስቲክ ሹካና ቢላ ይዞ ነው። አፉ ደግሞ ማንንም አይምርም። ታግሣ የምታስተናግደው የምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ካሮል ብቻ ናት፤ እሷን የምትጫወተው ሄለን ሀንት ናት። ሁለቱም በዚህ ፊልም ኦስካር ወስደዋል።

እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ እኔ ዓይኔን የምጥለው ሴትየዋ ላይ ነው። ሰውየው ክፉ ሲናገር እሷ ምን ታደርጋለች? አንገቷን ደፍታ ካለፈች እህትሽ እንዳለችው ነው፤ ፊልሙ ትዕግሥትን ፍቅር ብሎ እየሸጠልን ነው። ካሮል ግን አንገቷን አትደፋም።

ገና መጀመሪያ አካባቢ ያለውን ትዕይንት አስታውሺ። የካሮል ልጅ አስም አለበት። ሜልቪን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ ሁላችንም እንሞታለን፣ ያንቺም ልጅ የሚሞት ይመስላል ይላታል። ካሮል ትደርቃለች። አትጮህም፤ ሳህንም አትወረውርም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልጄን ሁለተኛ ብታነሳ እዚህ ቤት አትበላም፣ እንደገባህ አሳየኝ፣ ካልሆነ አሁኑኑ ውጣ ትለዋለች። የኒኮልሰንን ፊት ተመልከቺ። ያ ሁሉ ምላስ ጠፍቶ ሰውየው እንደ ተቀጣ ሕፃን ይሆናል። እኔ ፍቅሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። የሚፈራው ነገር አገኘ፤ እሷን ማጣት።

በኋላ ለልጁ ጥሩ ሐኪም ቤቷ ድረስ ይልክላታል፤ ወጪውንም ይችላል። ብዙ ፊልም እዚህ ላይ ሴትየዋን እቅፉ ውስጥ ይከታት ነበር። ካሮል ግን በሌሊት፣ በዝናብ፣ በስብሳ በሩ ላይ መጥታ፣ ካንተ ጋር መቼም አልተኛም ትለዋለች። ሕክምናውን ተቀበለች፤ ራሷን ግን በውለታ አልሰጠችም። እህትሽ ይቺን ትዕይንት ደግማ ብታያት ደስ ይለኛል።

የታወቀው የእራት ትዕይንትም ከዚህ ይቀጥላል። ሜልቪን ልብሷን ያናንቅባታል፤ ተነስታ ልትሄድ ስትል ይለምናታል፤ እሷም አንድ ጥሩ ነገር ንገረኝ፣ አሁኑኑ፣ ትለዋለች። የሚመልሰው ስለ ዓይኗ ወይም ስለ ፈገግታዋ አይደለም። ክኒን እጠላለሁ፣ አንቺ መጥተሽ ያን ቃል በተናገርሽ ማግስት ግን መውሰድ ጀመርኩ ይላታል። እንግዲህ የለወጠው ምንድን ነው? የካሮል «አይሆንም» ነው። ደቂቃዎች ሳይቆዩ በዚያው አፉ ሌላ የማይረባ ነገር ተናግሮ ያበላሸዋል፤ እሷም ጥላው ትወጣለች። ፊልሙ ዳነ አይለንም። ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ይሞክራል።

አሁን ለእህትሽ ልፍረድላት። ፊልሙ የሜልቪንን ሕመምና ብልግናውን አንዳንዴ ያደባልቃል። ሕመሙ በር ያስቆልፈዋል እንጂ ሰው አያሰድበውም። በሁለቱ ተዋንያን መካከል የ26 ዓመት ልዩነት አለ፤ ፊልሙ ስለዚህ ምንም አያነሳም። ካሮል ለምን ደህና ሰው አላገኝም ብላ ስታለቅስ ደግሞ እናቷ ሁሉም ሰው የሚፈልገው እንዲያ ያለውን ነው፣ ግን የለም ትላታለች። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እዚያ ጋ ሁልጊዜ ይከፋኛል። ሴት ልጅን ያለውን ያዢ ማለት ነውና።

ሴትየዋ እምቢ ብላ የቀረችበትን ታሪክ ከፈለገች ፈረንሳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሞሊየር እ.ኤ.አ. በ1666 ፓሪስ ላይ ያሳየውን «ለ ሚዛንትሮፕ» («ሰው ጠሉ») የተባለ ተውኔት ትፈልግ። ሰው ጠሉን አልሴስትን ራሱ ሞሊየር ነበር የተጫወተው። አልሴስት ሽንገላና ይሉኝታ ያንገሸግሸዋል፤ የወደዳት ሴሊሜን ግን በሰው ተከብባ፣ ሁሉን እያሳቀች የምትኖር ወጣት መበለት ናት። በመጨረሻ ዓለምን ትተን ከሰው እንራቅ ይላታል። እሷ የ20 ዓመት ልጅ ናት። ላገባህ እችላለሁ፣ ከሰው ተለይቼ ግን አልኖርም ትለዋለች። እሱም በዚህ አልስማማም ብሎ ይተዋታል። ከ350 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ያንገበግባል።

ጥያቄ፦ የፊልም ጽሑፍ ጀማሪ ነኝ። ዋና ገጸ ባሕርዬ ሰው የሚጠላ ጎልማሳ ነው፤ ሳያስበው ፍቅር ይይዘዋል። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ «ይሄን ሰውዬ ማን ይታገሠዋል?» አሉኝ። ላለስልሰው?

መልስ፦ እንዳታለሰልሰው! ውሻ ሲያሻሽ ወይም ሕፃን ሲያባብል የሚያሳይ ትዕይንት ልትጨምር ካሰብክ ተወው። ተመልካች እንደዚያ ያለውን ማባበያ ያውቀዋል።

«ሃሮልድ ኤንድ ሞድ»ን እይ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ሃል አሽቢ የሠራው ነው። ሰው የሰለቸው ወጣት ሃሮልድ፣ 80 ዓመት ሊሞላት ከተቃረበ ሴት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ሲከፈት ልጁ ራሱን የሰቀለ መስሎ ይታያል። እናቱ ትገባለች፤ ታየዋለች፤ ስልክ ትደውላለች። ከዚያ ይሄ ያስቃል ብለህ ነው ትለዋለች። በቃ። ልጁ ለምን ከሰው እንደራቀ እስከዚህ ድረስ ማንም አላስረዳንም፤ እናቲቱ ስልኩን ስታነሳ ግን ገባን። እየሳቅን አዘንንለት። ፊልሙ ሲወጣ ገበያ አልቀናውም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ግን በቅርስነት የሚጠበቁ ፊልሞች በሚመዘገቡበት የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ያንተ ሰውዬ ስለ ልጅነት ቁስሉ የሚያወራበት ገጽ ካለ ቆርጠህ ጣለው። አንድ የሚያደርገውን ነገር አሳየን። ሲያደርገው የሚያየው ሰው ምን እንደሚል ደግሞ አሰማን።

ጓደኞችህን ያታከታቸውም ክፋቱ አይመስለኝም፤ ብቻውን ማውራቱ ነው። ሜልቪን ካሮል አለችው፤ አልሴስት ሴሊሜን አለችው። ያንተስ ሴት ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የምትገባው? ዘግይታ ከሆነ ወደ መጀመሪያዎቹ ገጾች አምጣት፤ ከእሱ የማያንስ ምላስ ስጣት፤ ያለ እሱ የምትኖረው ሕይወትም ይኑራት። ከዚያ ለነዚያው ጓደኞችህ መልሰህ አስነብባቸው።